ካርድ የሌለው ካርድ አውጪ

«ማን ናት?» አለች ባለቤቱ።

ጋሽ ቁጥሬ ከሥራ ገብቶ ገና አንድ እግር ጫማውን ማውለቁ ነበር። ጠረጴዛው ላይ፣ ከዳቦው ሳህን አጠገብ፣ የዝናብ ቦቲው ቆሟል። ከቦቲው ጎን ደግሞ ውስጡ ደብቋት የነበረችው ነጭ የፕላስቲክ ብልቃጥ ተቀምጣለች። ወረቀቷ ተልጦ ሙጫው ብቻ ስለቀረ ምንም ጽሑፍ አይታይባትም።

«ማን ማን ናት?»

«ይህን የምታስውጥህ ናታ! በሃምሳ አራት ዓመትህ! ደረጃ ስትወጣ ጉልበትህ እንደ አሮጌ በር እየጮኸ፣ አሁን ደግሞ የወንድ መድኃኒት? ስትተኛ ልብህ ሲደልቅ የማልሰማ መሰለህ? ፍራሹ ሁሉ አብሮ ይዘላል። እኔ ሞኟ የሥራ ሐሳብ ነው እላለሁ!»

ጋሽ ቁጥሬ መጀመሪያ ሳቁ መጣ። ቀጥሎ ሳቁን ዋጠው። ባለቤቱ ያሰበችው ሌላ፣ ብልቃጧ ውስጥ ያለው ሌላ። እውነቱን ለመንገር አንድ አጭር ቃል በቂ ነበር፤ «መርሳት ጀመርኩ» ብሎ ዝም ማለት። ያችን ቃል ግን ለንስሐ አባቱም አልነገራት። ሰው ሴት ለመደ ቢባል ይታማል፣ ሲታማ ይከርማል፣ ሐሜቱም ይረሳል። ቁጥሬ ረሳ ከተባለ ግን ከቁጥሬ ምን ይተርፋል?

ስለዚህ ደረቱን ነፋ አደረገና፣ «እና ቢሆንስ? ሞቻለሁ እንዴ?» አላት።

ባለቤቱ ብልቃጧን አንስታ ወደ ቦቲው መልሳ ወረወረቻት። «ዋጥ! ዋጥና ፈንዳ!» አለችው። የዚያን ዕለት ራት የቀረበለት ጀርባዋ ብቻ ነው።

ቁጥሬ የወጣለት ስም ነው። በሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ቆሟል። ወንበር ስለማይወድ በእውነትም ቆሞ ነው የኖረው። ክፍሉ ረጅምና ጠባብ ነው። ከወለል እስከ ጣሪያ የብረት መደርደሪያ፣ መደርደሪያው ላይ ጥርስ ለጥርስ የተናከሱ የካርቶን ማኅደሮች፣ ከፊት ለፊት አንዲት ባለፍርግርግ መስኮት፣ ከመስኮቷ ወዲያ ሰልፍ። በሽተኛ ሁሉ የካርድ ቁጥሩ የተጻፈባትን ብጣሽ ወረቀት ይዞ ይመጣል። ቁጥሬ ግን ወረቀት አይቀበልም። ፊት ያይና፣ «አንተ ሠላሳ አንድ ሺህ አራት መቶ ሰባት አይደለህም? እግርህ እንዴት ሆነ?» ብሎ ወደ መደርደሪያው ይገባል። ካርዱን ይዞ እስኪመለስ ሰውየው ሁለት ጊዜ አያስነጥስም። ድሀው በሽተኛ ቁጥሩ በሰው ጭንቅላት ውስጥ እንዳለ ሲሰማ ግማሽ በሽታው እዚያው መስኮት ላይ ይለቀው ነበር።

ጭንቅላት ሲሞላ ግን አፍም መሙላቱ አይቀርም። ካርድ ሲያወጣ ያነባል፣ ያነበበውን ያወራል። የገንዘብ ክፍሏን ሴት ሐሞቷ ውስጥ ስለተገኘው ነገር «ጠጠር» ያላት እሱ ነው። የላብራቶሪው ሰውም ካርዱ ላይ እንቅልፍ ሲወስደው የሚያመልጠው ነገር እንዳለ ተጽፎ ስለነበር እነሆ አሥር ዓመት «ዝናቡ» ተብሎ ቀረ። አንድ ጊዜ ልትዳር የደረሰች ልጅ በመስኮቷ ተንበርክካ ከካርዷ ላይ አንዲት መስመር እንዲያጠፋላት ለምናዋለች። «እህቴ፣ እኔ አውጪ ነኝ እንጂ አጥፊ አይደለሁም» ብሎ ሸኛት። በሻይ ሰዓት ይህንንም ነገራቸው፤ ሳቁ።

ትልቁ ችሎታው ግን ማስመሰል ነበር። በሻይ ሰዓት አስም ያለበትን ይሆናል፣ ሪህ ያለበትን ይሆናል። ሁልጊዜ የሚያስጨበጭብለት የልብ በሽተኛው ነው። እጁን ደረቱ ላይ ይለጥፋል፣ ዓይኑን ያገለብጣል፣ መደርደሪያውን ተደግፎ ቀስ ብሎ ይንሸራተትና «ካርዴን... ካርዴን ስጡኝ...» እያለ ይዘረጋል። ጠጠር ከሳቅ ብዛት ጎኗን ይዛ የምትወጣበት ቀን ብዙ ነው።

ለራሱ ግን ካርድ አውጥቶ አያውቅም። «ካርድ የሚያወጣ ካርድ አያወጣም» ይላል። ጥርሱን ሲያመው ከተማውን አቋርጦ ሌላ ቦታ ይሄዳል። የገዛ ቢላዋው እንዴት እንደሚቆርጥ ያውቃላ!

ታዲያ ያለፈው ዓመት ማብቂያ ላይ ነው ነገሩ የጀመረው። ለአንድ ስኳር ላለባቸው ሽማግሌ ከሞተ ሦስት ዓመት የሆነውን የሌላ ሰው ካርድ አወጣላቸው። ሐኪሙ ካርዱን መለሰው፤ ቁጥሬም ማንም ሳያይ ወደ ቦታው ሰካው። በሌላ ቀን ደግሞ ልጇን ለአሥራ አንድ ዓመት ያመላለሰች እናት መስኮቷ ላይ ቆመች። ፊቷን ያውቀዋል። የልጁን የልጅነት ጉንፋን ሳይቀር ያውቃል። ቁጥሩ ግን አልመጣም። «እስቲ ወረቀትሽን» አላት።

ሴትየዋ ደነገጠች። «ምን አጠፋሁ ወንድሜ? ተቀየምከኝ?»

ዳይሬክተሩ ኮምፒውተር ያስመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ከኮምፒውተሩ ጋር አንዲት ቀጭን ልጅ መጣች። አትስቅም፣ አትቆጣም፣ ጣቷ ብቻ ይንቀሳቀሳል። መስኮቷ አንድ፣ ሠራተኛው ሁለት ሆነ።

«ከሦስት ሳምንት በኋላ ባለው ሰኞ ሠላሳ በሽተኛ እንጠራለን» አለ ዳይሬክተሩ። «ቶሎ ያገኘ እዚሁ ይቀራል።»

«ያላገኘስ?» አለ ቁጥሬ።

«ሬሳ ክፍል በር ላይም መዝገብ አለ። እዚያ ቁጥሬ ስንት ነው ብሎ የሚያስቸኩልህ የለም።»

ሁሉም ሳቀ። ቁጥሬም ሳቀ። ወደ ቤቱ ሲሄድ ግን እግሩ በራሱ ወደ አማቹ ሱቅ ታጠፈ።

አማቹ የባለቤቱ ታናሽ ወንድም ነው። ሁለተኛ ዓመት ላይ ከትምህርት የተሰናበተ ቢሆንም የሰፈሩ ሰው «ፕሮፌሰር» ይለዋል፤ እሱም ቀልዱን እንደ ማዕረግ ተቀብሎታል። ጡንቻ የሚያሳብጥ ዱቄት፣ ፀጉር የሚያበቅል ዘይት፣ የማይሸጠው ነገር የለም። የቁጥሬን ነገር በአክብሮት ሰማው።

«ጋሼ፣ አእምሮ ማለት ባትሪ ነው። ይህች ቻርጀር ናት» አለና ብልቃጧን አወጣ። ላይዋ ላይ መብረቅ የሚተፋ የጭንቅላት ሥዕል አለ። «ፈተና ያለባቸው ልጆች እንደ ቆሎ ነው የሚዘግኗት። ጠዋት አንድ በውሃ፣ በቃ። ለእህቴ ግን አትንገርብኝ። ባለፈው በሸጥኩላት ዘይት እስካሁን ፀጉሯን እያሳየች ትረግመኛለች።»

ያቺን ሥዕል የያዘ ብልቃጥ ካርድ ክፍል ውስጥ ቢገኝ ጠጠርና ዝናቡ የአሥር ዓመት ቂማቸውን በአንድ ስም ይወጡበታል። ስለዚህ ቁጥሬ መንገድ ላይ ቆሞ ወረቀቱን በጥፍሩ ላጠው። ከሥዕሉ ሥር ጉንዳን የሚያህሉ ፊደላት ተሰልፈው ነበር። መነጽሩን ከኪሱ ለማውጣት ሰነፈ። ወረቀቱን ጠቅልሎ ቦይ ውስጥ ጣለው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ስም ያልተጻፈበት ማኅደር መደርደሪያ ላይ ተገኘ ብሎ ሰው ሲያስለቅስ የኖረ ሰው፣ ወደ አፉ የሚከተውን ነገር ስም አልባ አድርጎ ኪሱ ከተተው።

ክኒኗ ሠራች። ወይም የሠራች መሰለው፤ ለእሱ ያው ነው። በሦስተኛው ቀን ቁጥሮቹ እንደ ጠፉ ዶሮዎች አንድ በአንድ ይመለሱ ጀመር። የዚያችን እናት ቁጥር መንገድ ላይ እየሄደ አገኘውና ብቻውን ጮክ ብሎ ጠራው። አንድ ክኒን ይህን ካደረገ ሁለቱ ምን ሊያደርጉ ነው አለና ሁለት አደረጋት። ቡናውን ደግሞ አልተወም። ቁጥሬና ቡና የማይለያዩ መሆናቸውን ሆስፒታሉ ሁሉ ያውቃል። ጠዋት ሁለት፣ ረፋድ ላይ አንድ፣ ከምሳ በኋላ ሁለት፤ ያለ ስኳር። ክኒኗንም በውሃ ፋንታ የሚያወርዳት በቡና ነበር።

ልቡ ግን ሌላ ነገር ጀመረ። ውጭ እንደተቆለፈበት ሰው ደረቱን ይደበድባል። ይደበድብና ድንገት ዝም ይላል። ቁጥሬ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። ከዚያ እንደ በቅሎ አንዴ ይራገጥና መንገዱን ይቀጥላል። አንድ ቀን ከመደርደሪያው ሥር ዓለም ዞረችበትና የብረቱን እግር አቅፎ ቆየ። በዚያች ሰዓት የልብ ሐኪሙ በኮሪደሩ እያፏጨ አለፈ። ቁጥሬ አፉን ከፈተ። «ካርድህን ይዘህ ና» እንደሚለው ግን ያውቃል። ካርዱን ደግሞ መጀመሪያ የሚያነበው ማን እንደሆነ ያውቃል። አፉን ዘጋ።

ባለቤቱ ብልቃጧን ያገኘችው በዚህ መሐል ነው፤ ከሰኞ በፊት ባለው ዓርብ።

ሰኞ ጠዋት ሦስት ክኒን ዋጠ። ሁለት ለለመደው፣ አንድ ለዕለቱ።

በአራት ሰዓት ካርድ ክፍሉ ሠርግ መሰለ። ዳይሬክተሩ የስም ዝርዝርና ሰዓቱን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ልጅቷ ከማሽኗ ፊት ተቀመጠች። ለፈተናው ሲባል የበሽተኛው ሁሉ ስምና ቁጥር ገብቶላታል፤ የእሷ ሥራ መፈለግ ብቻ ነው። ጠጠር ቡና ይዛ መጣች፤ ዝናቡ ቡና ይዞ መጣ። ያዋረዳቸው ሰዎች ሁሉ በዚያን ቀን አንጀታቸው ራራለት። ከሁለቱ ማን ቢሸነፍ ደስ እንደሚላቸው ግን በግልጽ አልተናገሩም።

«ጠጣ ቁጥሬ» አለው ዝናቡ። «ዛሬ የኛ ክብር አንተ ጋ ነው ያለው። ማሽን ቡና አይጠጣ!»

«ስንተኛህ ነው?» አለች ጠጠር።

«ማን ቆጠረው» አለ ቁጥሬ። ቁጥር የሚወድ ሰው የመጠጡን ግን አይቆጥርም። ሰባተኛው ነበር።

ዳይሬክተሩ መጥራት ጀመረ። በሽተኞቹ አንድ በአንድ ወደ መስኮቷ ብቅ ይላሉ። ቁጥሬ በረረ። ከመስኮት ወደ መደርደሪያ፣ ከመደርደሪያ ወደ መስኮት፤ ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። አሥረኛው ላይ በሁለት ይመራል። አሥራ ስምንተኛው ላይ በአንድ። ልጅቷ ጣቷን እንጂ ቅንድቧን አላንቀሳቀሰችም።

አሥራ ዘጠነኛዋ ያቺ እናት ነበረች። ቁጥሬ ፊቷን አየ፤ ቁጥሩ ሳይጠራ መጣለት። ደስ ብሎት ዞረ። ወደ መደርደሪያው ሁለት እርምጃ ሄደ፤ በሦስተኛው ልቡ ዝም አለ።

ጠበቀው። አልተራገጠም። ከዚያ በአንዴ አበደ፤ ጆንያ ውስጥ እንደተጣለ ድመት የቱ ጋ እንደሚይዘው ጠፋው። እጁን ደረቱ ላይ ለጠፈ። መደርደሪያውን ተደግፎ ቀስ ብሎ ተንሸራተተ። «ካርድ...» አለ። «ካርዱ...» የእናትየዋን ካርድ ማለቱ ነበር።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«ጀመረ! መሸነፉን ሲያውቅ ጀመረ!» አለ ዝናቡ እያጨበጨበ።

«ኧረ ከንፈሩን እዩት!» ጠጠር ጎኗን ያዘች። «ሰማያዊ አደረገው እኮ! ይህን ደግሞ ከየት ተማረው?»

«ድገመው ቁጥሬ!»

ዳይሬክተሩም ፈገግ ብሎ ሰዓቱን አየ። «ጋሽ ቁጥሬ፣ ጊዜው እየቆጠረ ነው።»

ቁጥሬ ወለሉ ላይ ሆኖ ሁሉንም ይሰማል። ቀልድ አይደለም ሊላቸው ሞከረ። ከአፉ የወጣው ማቃሰት ደግሞ ሃያ ስድስት ዓመት ሲያስቃቸው የኖረው ያው ማቃሰት ነው። እንደገና አጨበጨቡለት።

ከፍርግርጉ ወዲያ ያለችው እናት ናት ያልሳቀችው። «እናንተ!» ብላ ጮኸች። «ይህ ሰውዬ እኮ አይቀልድም!»

ድንገተኛ ክፍል ያደረሱት በወንበር ተሸክመው ነው። በሩ ላይ ያለችው ነርስ እጇን ዘረጋች። «ካርዱስ?»

እርስ በርስ ተያዩ።

«የካርድ ክፍሉ ቁጥሬ እኮ ነው!» አለች ጠጠር።

«ማንም ይሁን። ያለ ካርድ ምን ላይ ልጽፍለት?»

ልጅቷ ወደ ማሽኗ ተመለሰች። «ስም?» አለች በመስኮቷ። ጠጠር ዝናቡን አየች፤ ዝናቡ ዳይሬክተሩን አየ። ሃያ ስድስት ዓመት የሁሉን ስምና ነውር በጭንቅላቱ ይዞ ለኖረው ሰው፣ በዚያ ድንጋጤ መሐል የእሱን ስም የያዘ አንድ ጭንቅላት ጠፋ። ልጅቷ «ቁጥሬ» ብላ ጻፈች። ካርዱ በአርባ ሴኮንድ ወጣ። ዳይሬክተሩ ሳያስበው ሰዓቱን አይቶ ነበር።

ባለቤቱ ነጠላዋን እየጎተተች ደረሰች። ሐኪሙ ከመጋረጃው ውስጥ አስገባትና፣ «የሚወስደው መድኃኒት አለ?» አላት።

ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«እናቴ፣ ቶሎ በይ። የሚውጠው ነገር አለ?»

ፊቷ ቀላ። ወደ ሐኪሙ ጆሮ ተጠጋች። «ያ... የወንድ ነገር ነው» አለች። «ሌላ ሴት ይዞ።» ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏት ነበር። መጋረጃ ደግሞ መጋረጃ ነው፤ ጠጠርም ከወዲያ በኩል ቆማለች። ሐኪሙ የሰማውን ካርዱ ላይ ጻፈ። ከዚያ ለእንዲህ ያለ ነገር የሚሰጠውን መድኃኒት ሰጠ፣ ከወንድ ክኒን ጋር ይጋጫል ያለውን ከለከለ፣ በዚያው የተሳሳተ መንገድ አንድ ሰዓት ሙሉ ሄደ።

ፕሮፌሰር ወሬው ደርሶት ሲመጣ ሸሚዙ ከላብ የተነሣ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። እህቱ እንዳትሰማ ሐኪሙን ወደ ኮሪደር ሳበውና ወረቀቷ ያልተላጠ ሌላ ብልቃጥ ሰጠው። ሐኪሙ መነጽሩን አደረገና ጉንዳኖቹን ማንበብ ጀመረ።

«በአንዷ ክኒን ውስጥ የሁለት ስኒ ቡና ያህል ካፌይን አለ» አለ። «ከቡናና ከመሳሰሉት ጋር አይወሰድም ይላል። የልብ ምት ያዛባል ይላል። ስንት ዋጠ?»

«እኔ እኮ አንድ ነው ያልኩት! በውሃ!»

«ቡናስ ይጠጣል?»

ከግድግዳው ጥግ ዝናቡ ወደ ፊት ወጣ። «ዛሬ ሰባት» አለ። «ግማሹን እኛ ነን የሰጠነው።» በዚያች ቀን ሳይስቅ የተናገራት የመጀመሪያ ቃል ይህች ናት።

ሐኪሙ መንገዱን ቀየረ። ዘግይቶም ቢሆን ልቡ ወደ ምቱ ተመለሰ። ግን ልብ እንደዚያ ስትናወጥ ደም ውስጧ ይረጋል። አንዲት የምስር ፍሬ የምታህል የረጋ ደም ጠብታ ወደ ጭንቅላቱ ወጥታ ኖሮ በማግስቱ ቀኝ እጁ ከበደው። ፊቶቹ ሁሉ አሉ፤ አንዱም አልጠፋም። ቁጥሮቹ ናቸው የሌሉት። መደርደሪያው ቆሞ ማኅደሩ ሁሉ የተወሰደበት ክፍል ሆነ።

አሥራ ሰባት ቀን ተኝቶ ወጣ። ሬሳ ክፍል በር ላይ ወንበር ሰጡት፤ አሁን መቀመጥ ግድ ሆኖበታል። ሆስፒታሉ ውስጥ ስለ ክኒኗ እውነቱን ያልሰማ የለም። ቅጽል ስም ግን እውነት አይፈልግም፣ የሚያስቅ ነገር እንጂ። «ቁጥሬ» ቀርቶ «ጎረምሳው» ሆነ። ያወጣችው ጠጠር ናት። «ጎረምሳው፣ ዛሬ ስንት ገባልህ?» እያለች በሬሳ ክፍሉ በኩል ታልፋለች።

ባለቤቱ እህቷ ዘንድ ገብታለች። ሄዶ በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም ነገራት፣ መርሳቱን ሳይቀር። ያቺ ቃል ስትወጣው ከክኒኗ ይልቅ ጎዳችው።

«አሁን ነው የማስታወሻ ክኒን የሆነችው?» አለችው። «እኔ ስጠይቅህ ምን አልከኝ? ቢሆንስ ነው ያልከኝ።»

«ወንድምሽን ጠይቂው።»

«ጠየቅኩት። ምንም አልሸጥኩለትም አለኝ። እኔ ከእንግዲህ የማምነው የተጻፈ ነገር ነው። ካርድህን ይዘህ ና፤ በዓይኔ ካየሁ እመለሳለሁ።»

ሰውየው ለሃያ ስድስት ዓመት ቆሞ ከማያውቅበት የካርድ ክፍሉ መስኮት ውጭ መጣና ሰልፍ ያዘ። ከፊቱ አሥር ሰው አለ። ፊታቸውን ሁሉ ያውቃል፤ አንድም ቁጥር አልመጣለትም። አንድ ሽማግሌ ሰላም ሲሉት ራሱን ነቀነቀ። ተራው ሲደርስ በደህናው እጁ ፍርግርጉን ያዘ። የብረቱ ቅዝቃዜ ከዚህ በኩል ሌላ ነው።

«ልጄ» አለ ዝቅ ብሎ። «አንዲት መስመር ናት። ያን ቀን በስህተት የተጻፈች። ሐኪሙም ስህተት መሆኗን ያውቃል። አንቺ ጣትሽን አንዴ ብትጫኚ... ትዳሬ ነው ልጄ። ሰውም ከኋላዬ አለ፤ ጮክ ብለሽ አታናግሪኝ።»

ልጅቷ ዓይኗን ከማሽኑ አላነሣችም። ሰውን በመልኩ የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም፤ ጣቶቿን ግን አዘጋጀች።

«ካርድ ቁጥርዎ ስንት ነበር ጋሼ?»